የሚገበር ግብር፣ የሚበላ ግብር፦ እቴጌ ጣይቱ እንግዳ ሲቀበሉ

በሒሳብ ሥራ የሚተዳደር ሰው «ግብር» የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጽፈው አይቆጥርም። የደመወዝ ግብር፣ የንግድ ትርፍ ግብር፣ የኪራይ ገቢ ግብር እያለ ሲደምርና ሲቀንስ ይውላል። ለቅድመ አያቶቻችን ግን ቃሉ ሁለት ፊት ነበረው። አንደኛው ገበሬው ከማሳው፣ ከቀፎውና ከበረቱ ቀንሶ ለጌታው የሚያስገባው ነው። ሁለተኛው ንጉሡ ወይም መኳንንቱ አዳራሽ ሞልተው ሕዝብ የሚያበሉበት ግብዣ ነው። ገባሩ ግብር ይገብራል፤ ወታደሩ ግብር ይበላል። በአንዱ በር በጉንዶ የገባው ማር በሌላው በር ጠጅ ሆኖ ይወጣል። መዝገብ ለሚይዝ ሰው ይህ ገቢና ወጪ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በአገራችን ታሪክ ይህን ገቢና ወጪ ከእቴጌ ጣይቱ ብጡል የበለጠ ያወቀበት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ስማቸው ሲነሣ የውጫሌ ውልና ዐድዋ ይነሣሉ፤ መነሣታቸውም ተገቢ ነው። እኔ ግን በዚህ ዕትም ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ጓዳቸው ነው። ከእኛ መካከል እንጀራ ጋግረው የሚያድሩ፣ ባልትና የሚያዘጋጁ፣ ለሰርግና ለክርስትና ተጠርተው ድግስ የሚሠሩ እኅቶች ብዙ ናቸው። በብድር ማመልከቻዎቻችንም ላይ የብድሩ ምክንያት በሚለው መስመር «ለድግስ» ተብሎ ተጽፎ አያለሁ። ያን ሳይ እቴጌይቱ ወደ አእምሮዬ ይመጣሉ፤ የኢትዮጵያን ትልቁን ድግስ የመሩት እሳቸው ነበሩና።

ጣይቱ ከትልቅ ቤት የወጡ፣ በአባታቸው በኩል ከሰሜንና ከየጁ ባላባቶች ዘር የሚቆጠሩ ሴት ነበሩ። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ብርቅ የነበረውን ትምህርት አግኝተዋል፤ ያነብባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ግዕዝ ያውቃሉ፣ በገና ይደረድራሉ፣ ሰንጠረዥ ይጫወታሉ። የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ያገቡት በ1875 ዓ.ም. ፋሲካ በአንኮበር ነው። ሁለቱም ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር አይተው ነበር። ልጅ አልወለዱም። ሸዋ ሲገቡ ከሰሜን የመጡ ባዕድ ስለነበሩ መኳንንቱ በጥርጣሬ እንደሚያይዋቸው መገመት አያዳግትም። ባዕድ ሆና የገባች ሴት ቤቱን ቤቷ የምታደርገው በምንድን ነው? ያገባች ሁሉ ታውቀዋለች፤ በማጀቱ ነው። ማዕዱን የያዘ ሰው ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚጎርስ፣ ለማን በብርሌ ለማን በዋንጫ እንደሚቀዳ ይወስናል። ያ ደግሞ በዚያ ዘመን ተራ የወጥ ቤት ጉዳይ አልነበረም፤ ሥልጣን ነበር።

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃው ሜዳ መውረድ ጀመሩ። እንጦጦ ብርድ ነው፤ እንጨቱም አልቆ ነበር። ጣይቱ ፍልውኃውን ወደዱት፤ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ለቦታውም አዲስ አበባ የሚለውን ስም አወጡለት። ይህን ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተነዋል። ብዙ የማይነገረው ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ድግስ ነው።

በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ የእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤት ተከበረ። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት ምኒልክ ሲሆኑ ድግሱን የያዙት ጣይቱ ናቸው። አምስት ቀን የፈጀ ድግስ ነበር። የምኒልክን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ መዝግበውታል፤ የዘመኑ የምግብ ታሪክ ተመራማሪዎችም ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ ብለን በአንድ ትሪ ላይ የምናቀርበው ነገር መልክ መያዝ የጀመረበት አንዱ ትልቅ ቀን አድርገው ይቆጥሩታል። የሰሜኑና የሸዋው እንዲሁም ምኒልክ አዲስ ያስገበሩት አገር ሰው ሁሉ በአንድ ዳስ ተሰበሰበ። እንግዳው ከየት እንደመጣ ለሚያውቅ ደጋሽ ይህ ማለት ሁሉም የለመደውን ጣዕም የሚያገኝበት፣ ያልለመደውንም የሚቀምስበት ገበታ ማዘጋጀት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ እንደ ደጋሽም እንደ ሒሳብ ሠራተኛም ላስብበት። ድግሱ የመስከረም ነው። የመስከረም ድግስ የሚዘጋጀው በክረምት ነው ማለት ነው። በክረምት በርበሬ አይደርቅም፤ ስለዚህ በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ተሰጥቶ፣ ተወቅጦ፣ ቅመሙ ገብቶበት ያለቀው ከሰኔ በፊት መሆን አለበት። እንጨቱም ደርቆ የተከመረው በበጋ ነው። የነሐሴ ፍልሰታ ጾም ስለሆነ ቅቤ የሚበላው ጥቂት ነው፤ ብልህ ሴት ያን ጊዜ ቅቤዋን አንጥራ በቅል ታኖራለች። ጠጅ ለመብሰል ሳምንታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጋኑ ታጥኖ፣ ማሩ ተበጥብጦ፣ ጌሾው ገብቶ የሚጠነሰስበት ቀን ከድግሱ ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይወጣል። ጤፉ የሚፈጨው በእጅ፣ በድንጋይ ወፍጮ ነው። ውኃውም በእንስራ፣ በሴት ጀርባ ነው የሚመጣው። ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ሩጫ ማንም አይደርስበትም። በድግሱ ቀን ያማረው ሁሉ ከድግሱ ቀን በፊት ባሉት ወራት የተሠራ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የማናቸውንም ሳምንት ቀናት ወስዳችሁ አምስት ተከታታይ ቀን ቁጠሩ። ከየትኛው ቀን ብትጀምሩ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሳይገባበት አይቀርም። ስለዚህ አምስት ቀን የሚደግስ ሰው፣ ለዚያውም ለቤተ ክርስቲያን በዓል፣ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ የጾም ገበታ ያስፈልገዋል። ሽሮውና ምስሩ፣ ስልጆውና ተልባው ለተጨማሪ ያህል ወይም ለጥቂት ጿሚዎች ብቻ የሚቀርቡ አልነበሩም፤ እንደ ሥጋው ለሺዎች መብቃት ነበረባቸው። የጾሙን ምግብ እንደ ሁለተኛ ነገር የምናይ ደጋሾች ይህን ብናስብበት ጥሩ ነው። በሥጋ የተዋጣላት ሙያተኛ ብዙ ናት፤ የጾም ገበታዋ የሚያምር ግን ጥቂት።

ምኒልክና ጣይቱ በአዲስ አበባ ከተረጋጉ በኋላ ግቢው ራሱን የቻለ የሥራ ድርጅት ሆነ። እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ እቃ ቤት፣ ግምጃ ቤት እየተባለ ሥራው ተከፋፍሎ ነበር። እያንዳንዱ ቤት አለቃ አለው፤ አለቃውም የሚጠየቅበት ነገር አለው። ማር ከቆላውና ከደቡቡ በጉንዶ ይገባል፤ እህሉ ከሁዳዱ በዳውላ ይገባል፤ ቅቤው፣ በጉ፣ ሰንጋው ከየግዛቱ ይመጣል። ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ወጣ፣ ምን ቀረ የሚለው በቁጥጥር የሚያዝ ነበር። በእኛ ቋንቋ የእቃ ግምጃ ቤት መቆጣጠሪያ ካርድ እንለዋለን፤ ያኔ በአዛዡ ጭንቅላትና በጸሐፊው ብራና ላይ ነበር።

ከዐድዋ ድል በኋላ የተሠራው ትልቁ አዳራሽ ሺዎች በአንድ ጊዜ የሚቀመጡበት ነው። ያም ሆኖ ግብር የሚበላው ሰው ከአዳራሹ ይበልጥ ስለነበር በዙር ይገባል። መጀመሪያ መጋረጃ ተጋርዶ ንጉሠ ነገሥቱና ታላላቆቹ ይበላሉ። ከዚያ መጋረጃው ይገለጣል፤ መኳንንቱ፣ ሻለቆቹ፣ በኋላም ወታደሩ በተራ በተራ ይገባል። ብርንዶው በወንዶች ትከሻ ላይ በአጋማ ተሰቅሎ በተቀመጠው ሰው መካከል ያልፋል፤ እያንዳንዱም በቢላዋው ለራሱ ይቆርጣል። አጋፋሪው በሩን ይይዛል፤ አሳላፊው በየመደዳው ይሄዳል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይነካም። አንዱ ዙር በልቶ ሲነሣ ገበታው ተስተካክሎ ቀጣዩ ይገባል። የውጭ አገር ሰዎች ይህን አይተው በጽሑፋቸው ተገርመውበታል፤ የተገረሙት በብዛቱ ብቻ ሳይሆን ያ ሁሉ ሕዝብ ሳይጋፋ በልቶ መውጣቱ ነው።

እኔ በአንዲት ሳሎን ውስጥ ሠላሳ ሰው ለምታስተናግድ እኅት ከዚህ ምን እንደሚጠቅማት ስጠየቅ መልሴ አጭር ነው። ዙር ይጠቅማታል። ሠላሳ ወንበር መከራየት ሳያስፈልጋት ሽማግሌዎቹንና ከሩቅ የመጡትን መጀመሪያ፣ ጎረቤቱንና ወጣቱን ቀጥላ ብታስተናግድ አሥራ አምስት ወንበርና አሥራ አምስት ሳሕን ይበቃታል። ቁሌቱን ከሁለት ቀን በፊት ብታበስል፣ ቀይ ወጡን ከዋዜማው ብትጨርስ፣ ለዕለቱ የሚቀረው ጥብሱና ሰላጣው ብቻ ይሆናል፤ ያኔ እሷም ልብሷን ለውጣ፣ ፀጉሯን ሠርታ ከእንግዶቿ ጋር ትቀመጣለች። ለአንዷ ልጅ እጅ ማስታጠብ፣ ለሌላዋ መጠጥ፣ ለሦስተኛዋ ቡና ብቻ ብትሰጥ ቤቱ ይረጋጋል። አስተናጋጇ ራሷ በላብ ተጠምቃ፣ ከማድ ቤት ሳሎን ስትመላለስ የምትታይበት ቤት ምግቡ ቢጥምም እንግዳው ይሳቀቃል። እቴጌይቱ ወጥ ሲያማስሉ አልነበረም የሚታዩት፤ ወጡ ግን የሳቸው ነበር።

አሁን ወደ ማይወራው ክፍል ልግባ። ያ ሁሉ ከየት መጣ? ከገባሩ። ማሩን የቆረጠው፣ ሰንጋውን ያሳደገው፣ ዳውላውን ተሸክሞ ተራራ የወጣው ሰው ስሙ የትም አልተጻፈም። ጤፉን በወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው የፈጩት፣ ውኃውን በጀርባቸው የቀዱት ሴቶችም እንዲሁ፤ ብዙዎቹም ገረዶችና ባሪያዎች ነበሩ። ታሪክ ጸሐፊው ድግሱን ጽፏል፤ ማን እንዳቀረበ ጽፏል፤ ማን እንደፈጨ አልጻፈም። ጣይቱን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን የወጪው ዝርዝር ውስጥ የጉልበት ዋጋ ዜሮ ሆኖ የተያዘበትን ሒሳብ አጽድቄ አልፈርምም። ዛሬም ቢሆን ለዘመድ ሰርግ ሁለት ሌሊት ቆማ ያደረች እኅት ምን ያህል ወጣ ተብሎ ሲደመር የሷ ሁለት ሌሊት የትኛውም መስመር ላይ አይገባም።

ያ ትልቅ ድግስ በተበላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ክፉ ቀን መጣ። የከብት በሽታ ከባሕሩ ጠረፍ ተነሥቶ አገሩን አዳረሰ፤ አብዛኛው ከብት አለቀ። በሬ የሌለው ገበሬ አላረሰም፤ አንበጣውና ድርቁም ተጨመረበት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ረሃብ በአገራችን ታሪክ ከታወቁት ሁሉ የከፋ ነው ይባላል። ምኒልክ ሕዝቡ በሬ ባጣበት ዘመን የበሬ ሥጋ አልበላም ብለው ተዉ፤ ለምሳሌ እንዲሆን በዶማ መሬት ቆፈሩ፤ ጎተራቸውንም ለተራበው ከፈቱ። ዘውድ የጫኑት በዚሁ ዘመን፣ በጥቅምት 1882 ዓ.ም.፣ በዚያችው እንጦጦ ማርያም ነው፤ ጣይቱም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። አንድ ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ የጥጋብንም የረሃብንም ገበታ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ከመዝገብ ላይ አይነበብም። ገቢው ሲደርቅ ግን ወጪው አብሮ መታጠፍ እንዳለበት ቤተ መንግሥቱም ያኔ ተምሯል።

በ1888 ዓ.ም. ያ የጓዳ ዕውቀት ጦር ሜዳ ወረደ። ስንቁ በሶና ዳቦ ቆሎ ሆነ፤ ተሸካሚዎቹና አብሳዮቹ ሴቶች ሆኑ። በመቀሌ ምሽግ ውስጥ የነበረውን የጣሊያን ጦር ከውኃ ምንጩ ለመለየት የተወጠነው ውጥን የጣይቱ እንደነበረ በታሪክ የታወቀ ነው። እኔ ሳስበው ውኃ በእንስራ ሲመጣ ያየ፣ በቀን ስንት እንስራ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው ውጥን ነው። ጦሩም ምሽጉን ለቅቆ ወጣ።

ከሁሉ በላይ ለእኛ ማኅበር የሚቀርበው ግን ሆቴሉ ነው። ከዚያ በፊት ወደ ቤተ መንግሥት የመጣ የውጭ አገር እንግዳ ድርጎ ይቆረጥለት ነበር፤ በግ፣ እንጀራ፣ ማር፣ ጠጅ ያለ ክፍያ ወደ ማረፊያው ይላክለታል። የከተማው እንግዳ እየበዛ፣ ባቡሩም ከጅቡቲ ወደ መሀል አገር እየቀረበ ሲመጣ ድርጎ የሚዘልቅ ነገር አልሆነም። በዚያ ላይ ዘመኑ ተለውጧል። ምኒልክ የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር በፓሪስ አስመትተዋል፤ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፍቷል፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ተሹመው አንዱ ገንዘቡን ያዘ። አሞሌ ጨው ለመገበያያ ይሆን በነበረበት አገር ምሳ በዋጋ መሸጥ የሚታሰብ የሆነው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

እቴጌ ሆቴል በአራዳ፣ ዛሬ ፒያሳ በምንለው ሰፈር፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀመረ። በረንዳው ሰፊ፣ እንጨት የበዛበት ያማረ ሕንፃ ነው። መጀመሪያ ላይ ግን ሰው አልገባም ይባላል። ነውር ነበረ። ምግብ ከግብር ወይም ከዘመድ ቤት ይበላል እንጂ እንዴት ተገዝቶ ይበላል? የሸጠውስ ሰው እንዴት ጌታ ይባላል? ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው እየበሉ፣ እየከፈሉም እንዳስለመዱ ይነገራል። ወሬው በየአፉ ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ ዋናው ነገር ግን አንድ ነው። ለሃያ ዓመት በነጻ ሲያበሉ የኖሩት እቴጌ አንድ ቀን ለምሳ ዋጋ አወጡ። ዋጋ ለማውጣት ደግሞ ቅቤው ስንት፣ እንጨቱ ስንት፣ የአብሳዩ ቀን ስንት ብሎ መቁጠር ግድ ነው። በግብሩ ዜሮ ተብሎ የተያዘው ጉልበት በሆቴሉ ሒሳብ ውስጥ ቁጥር አገኘ።

ለድግስ ተጠርተው ሲሄዱ ዋጋ መናገር የሚያሳፍራቸው፣ የሰጡኝን እቀበላለሁ የሚሉ አባሎቻችን ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። የኢትዮጵያ እቴጌ ዋጋ ጽፈው ሰቅለዋል።

ከዚያ በኋላ ዕድል አልቀናቸውም። ምኒልክ ታመሙ፤ ጣይቱ ለተወሰነ ጊዜ አገር ቢመሩም በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አራቋቸው። ባለቤታቸው በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እሳቸው ወደ እንጦጦ ተላኩ። ያ ሁሉ ሺህ ሰው በልቶ በወጣበት ተራራ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ፣ ከጥቂት አገልጋዮች ጋር የቀረውን ዘመናቸውን አሳለፉ። ያረፉት የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ነው። በኋላ አስከሬናቸው ወርዶ በታዕካ ነገሥት በዓታ ከምኒልክ አጠገብ ዐርፏል።

ሆቴሉ ግን ቀጠለ። ስሙ በየዘመኑ ተለዋወጠ፤ አሁን ጣይቱ ሆቴል ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶበት ከፊሉ ተቃጥሎ ነበር። ለብዙ ዓመት በምሳ ሰዓት የሚያቀርበው የጾም ቡፌ ስሙ ወጥቶ የከተማው ሰውም የውጭ አገር እንግዳውም ይሰለፍበት ነበር፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ፎሶልያው በተርታ ተደርድሮ፣ ሁሉም ሳሕኑን ይዞ በተራው እያነሣ። በልቶ ሲጨርስ ሒሳቡን ጠይቆ ይወጣል።